ስለ ትናንሽ የስታር ዋርስ መንኮራኩሮችና አሻንጉሊቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቴ የመጣ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ መደርደሪያዬ ፊት ይቆማል፤ ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። ስልክ ደውሎ «ልጄ ይሄን ነገር ጀመረ፣ ምን ባደርግ ይሻላል?» የሚለኝም አለ። ጥያቄዎቹ ዞረው ዞረው ያው ስለሆኑ አንዴ ጽፌ ልገላገል። የማወራው በፊልም ስላየናቸው መንኮራኩሮች ትናንሽ መጫወቻዎችና አብረዋቸው ስለሚመጡት አሻንጉሊቶች ነው። ከነሱም ውስጥ ስታር ዋርስ የሚባሉትን የአሜሪካ የጠፈር ፊልሞች መርጫለሁ፤ ደህና አድርጌ የማውቀው የነሱን ነው። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ትልቅ ሰው በመጫወቻ ምን ይሠራል?

ያያቸዋል። እናቴ ቡፌ ውስጥ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ አሥራ ሁለት ብርጭቆዎች ነበሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ታወጣቸዋለች፣ ትወለውላቸዋለች፣ መልሳ ትደረድራቸዋለች። «ምን ይሠሩልሻል?» ያላት ሰው ግን አላስታውስም። የኔዎቹ ክንፍ ስላላቸው ነው መሰለኝ ጥያቄ የሚበዛባቸው።

ነገሩ መቼና እንዴት ተጀመረ?

የመጀመሪያው ፊልም አሜሪካ ውስጥ የታየው በሜይ 25 ቀን 1977 ነው። በኛ አቆጣጠር ግንቦት 1969 መሆኑ ነው፤ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መጫወቻ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አሜሪካዊው ሰብሳቢ «ልጅ ሆኜ የነበረኝን ነው የምፈልገው» ሲል፣ ከኛ ብዙው የሚሰበስበው ኖሮት የማያውቀውን ነው። የኛ መኪና ከሽቦ ተጠምዝዞ ቆርኪ ጎማ የተገጠመለት ነበር። ፊልሙንም ቢሆን ያየነው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ነው።

መጫወቻውን የመሥራት መብት የያዘው ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ የነበረው ኬነር የሚባል ኩባንያ ነው። ፊልሙ ያን ያህል ሕዝብ ይስባል ብሎ የገመተ ስላልነበረ ለ1977ቱ ገና የሚደርስ አሻንጉሊት አልነበራቸውም። ምን ሸጡ? ካርቶን። ውስጡ ስቲከር፣ ለማሳያ የሚታጠፍ ወረቀትና በፖስታ የሚመለስ ኩፖን ነበረበት። ኩፖኑን የላከ ልጅ የመጀመሪያዎቹን አራት አሻንጉሊቶች፣ ማለትም ሉክን፣ ሌያን፣ ቹባካንና አርቱ ዲቱን፣ በ1978 ፖስታ ቤት አመጣለት። የገና ዕለት ጠዋት ባዶ ካርቶን ከፍቶ ያለቀሰ ልጅ ስንት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ያ ካርቶን ዛሬ ራሱን ችሎ የሚፈለግ የሰብሳቢ ዕቃ ሆኗል።

አሻንጉሊቶቹ ለምን ያን ያህል ትንሽ ሆኑ?

በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉ ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ከዚያ በፊት እንደ ጂ.አይ. ጆ ያለው ታዋቂ አሻንጉሊት ቁመቱ 12 ኢንች ገደማ ነበር፤ ልብስ ይለበስለታል፣ ይወለቅለታል። ኬነሮች ግን ሰውየው መንኮራኩር ውስጥ እንዲቀመጥ ፈለጉ። ለ12 ኢንች ሃን ሶሎ የሚሆን ሚሌኒየም ፋልከን፣ ማለትም ፊልሙ ላይ የሚያበራት መንኮራኩር፣ ይሠራ ቢባል ሳሎኑን ይሞላዋል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ ሰውየውን ወደ 3.75 ኢንች አወረዱት፤ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ልብስ በአካል ይሰፋል፤ እዚህ ግን ልብሱ ቀድሞ ተሰፍቶ አካሉ በልኩ ተቆረጠ።

ያ ልክ ከዚያ በኋላ የገበያው ሁሉ ልክ ሆነ። ጂ.አይ. ጆ ራሱ በ1982 ተመልሶ ሲመጣ ወደ 3.75 ኢንች ወርዶ ነው የመጣው። ይህም ሆኖ የኬነር ፋልከን ከአሻንጉሊቶቹ ጋር ሲተያይ ፊልሙ ላይ ካለው እጅግ ያንሳል፤ ስድስት ሰው ብትከቱበት እንደ ሚኒባስ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ያሰኛል።

ምን ምን ዓይነት አለ? ከየትኛው ልጀምር?

ከትንሹ ልነሳ። ማይክሮ ማሽንስን በ1987 በትናንሽ መኪና የጀመረው ጋሉብ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው፤ በ1990ዎቹ ስታር ዋርስን ጨመረበት። መንኮራኩሮቹ ክብሪት ላይ የሚያርፉ ናቸው። ከነሱ ጋር የሚመጡትን ሰዎች ደግሞ ለማንሳት ጥፍር ማሳደግ ያስፈልጋል። የዚሁ ቤተሰብ የሆኑ፣ የገጸ ባሕርይ ጭንቅላት መስለው ሲከፈቱ ውስጣቸው የጦር ሰፈር የሚሆኑም አሉ፤ ለማሳየት እንጂ ለመደርደር አይመቹም።

ያው ጋሉብ በ1996 አክሽን ፍሊት የተባሉትን ከፍ ያሉ መንኮራኩሮች አመጣ። አንዷ መዳፍ ትሞላለች፣ የአብራሪው ክዳን ይከፈታል፣ ሁለት ትናንሽ ሰዎች አብረዋት ይመጣሉ። ሃስብሮ የሚባለው የመጫወቻ ኩባንያ በ1998 ጋሉብን ገዝቶ ከራሱ ጋር ቀላቀለው። በዚህ መጠን ከተሠሩት ሁሉ በጥበብ የሚበልጣት አለ ብዬ አላምንም፤ የሚከራከረኝ ካለ ክንፏን ከፍቶ ይዝጋና ይምጣ።

ብረት የሚወድ ሰው ሆት ዊልስ ከ2014 ጀምሮ ያወጣቸውን ይፈልግ። ማቆሚያቸው ታጥፎ እንደ ቀለበት ጣት ላይ ይጠለቃል፤ መንኮራኩሯን ጣቱ ላይ አድርጎ ቢሮ ውስጥ የሚያበር የሒሳብ ሠራተኛ አውቃለሁ። የጠረጴዛ ጨዋታ የሚወድ ደግሞ በ2012 የወጣውን ኤክስ ዊንግ የተባለ የውጊያ ጨዋታ ያውቀዋል፤ መንኮራኩሮቹ ቀለማቸው አልቆ ነው የሚመጡት፣ ብሩሽ መያዝ አያስፈልግም።

ለጀማሪ የምመክረው ግን ጃዝዌርስ የሚባል ኩባንያ በ2022 የጀመረውን ማይክሮ ጋላክሲ ስኳድሮን ነው። ሐሳቡ የአክሽን ፍሊት ሐሳብ ነው፤ አንድ ኢንች ገደማ የሚሆኑ ሰዎች፣ የሚከፈት ክዳን፣ የሚታጠፍ እግር። የቅርብ ጊዜ ዕቃ ስለሆነ የመጭበርበር ስጋቱ ትንሽ ነው። ከውስጡ ትንሿ ዓይነት በተዘጋ ሳጥን ትሸጣለች፤ ምን እንደደረሳችሁ የምታውቁት ከከፈላችሁ በኋላ ነው። እኔ ሎተሪ የምቆርጠው በሎተሪ ቤት ነው፤ ስለዚህ እሷን ተከፍታ ከሚሸጣት ሰው እጠብቃለሁ።

አንድ ዓይነት ምረጡና እሱን ያዙ። እኔ ሁሉንም በአንዴ ጀምሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ከየዓይነቱ ግማሽ ግማሽ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ስኬል» እያሉ የሚጨቃጨቁት ምንድን ነው?

እውነተኛው ዕቃ በስንት እጥፍ አንሶ እንደተሠራ የሚናገር ቁጥር ነው። 1 ለ 270 ሲባል በፊልሙ ዓለም 270 ሜትር የሆነው እጃችሁ ላይ 1 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ከላይ ያልኩት የጠረጴዛ ጨዋታ የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው፤ ርዝመቷ 12 ሜትር ተኩል የምትባለው፣ ጨዋታው በስሟ የተጠራላት ተዋጊ መንኮራኩር ኤክስ ዊንግ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ትሆናለች። ጥሩ። እንግዲህ በዚያው ቁጥር 1,600 ሜትር የምትባለውን ግዙፍ የጦር መንኮራኩር፣ ስታር ዲስትሮየርን፣ ሥሩ ቢባል ስድስት ሜትር ልትደርስ ምንም አይቀራትም። ከሚኒባስ ታክሲ ትረዝማለች፤ የት ትቆማለች?

ስለዚህ ማይክሮ ማሽንስ ጭቅጭቁን በአቋራጭ ዘለለው፤ ስታር ዲስትሮየሯም ተዋጊዋም ማሸጊያው ውስጥ እኩል ቦታ ይዘው ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ይህ የሚያንገበግባቸው ሰብሳቢዎች አሉ። እኔ ግድ የለኝም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይም ጻድቁ ከፈረሱ ይበልጣል፤ ሠዓሊው መለካት አቅቶት አይደለም።

የት ነው የምገዛው?

አዲሱን ከሱቅ። አሮጌውን ግን እኔ ባለሁበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ቅዳሜ ማለዳ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ዕቃ ዘርግተው ከሚሸጡበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ዓይን የምናለሽ ተራ ሰው ዓይን ነው፤ ክምር አይቶ ክምር የማይታየው። ኮፍያና ጫማ ሥር፣ የተሰበረ ማሽን ጎን፣ የልጆች መጫወቻ ሁልጊዜ በአንድ ትልቅ ላስቲክ ታጭቆ ይቀመጣል። አንድ ቅዳሜ እንደዚህ ዓይነት ላስቲክ በሦስት ዶላር ዋጋ ተጽፎበት አየሁ። ከውጭ የሚታየው የሃምበርገር ቤት ስጦታ፣ የተገነጠለ የአሻንጉሊት እጅና የሌጎ ቁርጥራጭ ነው። ላስቲኩን ሳዘነብለው ግን ጥጉ ላይ ብርቱካናማ የለበሰ፣ ከምስር ብዙም የማይበልጥ ጭንቅላት ያለው ሰውዬ ወደ ታች ተንሸራተተ። የአክሽን ፍሊት አብራሪ! አብራሪ ካለ መንኮራኩር አለች። ዝም ብዬ ከፈልኩ። ሴትዮዋ «የልጄ ነበሩ፣ አሁን ጢሙን ነው የሚላጨው» ብላ ሳቀች። ቤት ደርሼ ምንጣፍ ላይ ስዘረግፈው መንኮራኩሯ ተገኘች፤ አንድ የሞተር ዘንግ ጎድሏት፣ ሁለቱም ሰዎቿ ግን በሕይወት።

በኢንተርኔት ስትገዙ ጥያቄያችሁን አስተካክሉ። «ሙሉ ናት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው፤ ሻጩ ምን እንደጎደለ ስለማያውቅ ዋሸ ማለትም አይቻልም። «የሆዷን ፎቶ ላክልኝ፣ ማጠፊያዋን በቅርብ አንሳልኝ፣ ጠመንጃዎቹን ቆጥረህ ንገረኝ» በሉት። እኔ ይህን ሳልጠይቅ የገዛኋት አንዲት ተዋጊ ክንፏ በሙጫ ተጣብቆ መጣልኝ። ፎቶው ላይ ክንፏን ዘርግታ ታምራለች፤ የማትታጠፍ መሆኗን ፎቶ አይናገርም።

ፎርጅዱን እንዴት ልለይ?

የሚጭበረበረው ትልቁ ዕቃ አይደለም። የፋልከንን አካል ማን ደክሞ ይሠራል? ልጆች የጣሉት ጠመንጃውን፣ ካባውን፣ የብርሃን ሰይፉን ስለሆነ የሚሠራውም እሱ ነው። የኬነር አሻንጉሊት ያለ መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ከነመሣሪያው ዋጋው ይዘላል። ክፍተቱ እዚያ ላይ ነው። አንዳንዱ ሻጭ «ይሄ ቅጂ ነው» ብሎ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ እሱ አላጭበረበረም፣ መደርደሪያ ለማሟላት እኔም እገዛለሁ። ችግሩ ያ ቅጂ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ሲደርስ ስሙ «ኦሪጂናል» እየሆነ መሄዱ ነው። «ውኃ ላይ ከተንሳፈፈ ኦሪጂናል ነው» የሚል ዘዴ ትሰማላችሁ፤ ለሁሉም ስለማይሠራ በሱ ብቻ ገንዘብ አታውጡ። የጠርዙን ሹልነት፣ የፕላስቲኩን አንጸባራቂነት ከተረጋገጠ ዕቃ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማየት ይሻላል።

የአሻንጉሊቱን እግር ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ከቀደሙት ላይ «ጂ.ኤም.ኤፍ.ጂ.አይ. 1977» ተቀርጾ ታገኛላችሁ። የጄኔራል ሚልስ የመጫወቻ ክፍል ምልክት ነው፤ ኬነር በዚያን ጊዜ የዱቄትና የቁርስ እህል አምራቹ የጄኔራል ሚልስ ንብረት ነበርና። በኋላ የመጡት የፊልሙን ሠሪ የሉካስፊልምን «ኤል.ኤፍ.ኤል.» ይዘዋል። የተሠራበት አገርም አለ፤ ሆንግ ኮንግ ወይም ታይዋን በብዛት ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመቱ ላይ ነው። የተጻፈው የባለቤትነት መብቱ ዓመት እንጂ አሻንጉሊቱ የወጣበት አይደለም፤ «1977» የሚል እግር ያለው አሻንጉሊት በ1980ዎቹ ከቅርጽ ማውጫው የወጣ ሊሆን ይችላል።

ታዋቂው ወጥመድ ጃዋ ነው። ጃዋ በፊልሙ ካባ ለብሶ የሚታይ ድንክ ነው፤ ገና ሲወጣ የለበሰው የፕላስቲክ ካባ ነበር። እንደሌሎቹ እኩል ዋጋ እየተሸጠ በዚያ ላይ ፕላስቲክ ለብሶ ሲታይ ርካሽ መሰለና ካባው ወደ ጨርቅ ተቀየረለት። ስለዚህ ባለ ፕላስቲክ ካባው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም ከጨርቁ ጋር አይገናኝም። አጭበርባሪው ታዲያ ምን ያደርጋል? ኦቢ ዋን የሚባለውን የሌላውን አሻንጉሊት የፕላስቲክ ካባ በመቀስ አሳጥሮ ለጃዋ ያለብሰዋል። ጃዋ በዝቅተኛ ዋጋ «ባለ ፕላስቲክ ነው» ተብሎ ከቀረበላችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ እለፉ።

ከማሸጊያው ላውጣ ወይስ እንደታሸገ ይቀመጥ?

ከ1985 በፊት የሆነ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ዕቃ እጃችሁ ከገባ አትክፈቱ፤ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይየው። የኬነር ካርቶን ጀርባው ይናገራል፤ የመጀመሪያዎቹ ላይ የ12 አሻንጉሊቶች ፎቶ ብቻ አለ፣ ከዚያ ወደ 20፣ ወደ 21 እያለ ያድጋል፣ ሰብሳቢዎችም ካርቶኑን በዚሁ ቁጥር ይጠሩታል። ደረጃ ሰጥተው በጠንካራ ግልጽ ሳጥን የሚያሽጉ ድርጅቶችም አሉ። ሌላውን ሁሉ ክፈቱት። ክንፍ የሚታጠፍ ተብሎ የተሠራ ነገር ሳይታጠፍ ሲያረጅ ያሳዝነኛል።

ያደፈውንና ቢጫ የሆነውን ማጽዳት ይቻላል?

እድፉ ቀላል ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። ስቲከር ያለበትን አትንከሩ፤ ዙሪያውን በጥጥ እንጨት ብቻ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈጽሞ አታስጠጉ፤ ውስጡ አሴቶን ካለ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የቧንቧውን አፍ በወንፊት ወይም በጨርቅ ሸፍኑ፤ ለምን እንደምል ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።

ቢጫው ሌላ ጉዳይ ነው። ነጭና ግራጫ ፕላስቲክ ብርሃንና አየር ሲመታው ራሱ ይቀየራል፤ እድፍ ስላልሆነ በሳሙና አይሄድም። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ይመልሰዋል፤ ጓንት ያስፈልጋል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ግን ቢጫው ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ አልፎ አልፎም ዝንጉርጉር አድርጎ ያስቀረዋል። አንድ ጊዜ ሞክሬ ግማሽ ፊቷ ነጭ፣ ግማሽ ፊቷ ክሬም የሆነች መንኮራኩር አተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ የቢጫዎቹን ዕድሜ አከብራለሁ።

እንደ ኬነር ኤክስ ዊንግ ያሉ መብራትና ድምፅ ያላቸው ትልልቆች የባትሪ ቦታ አላቸው። ስትገዙ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ። ባትሪው አፍስሶ ነጭ ዱቄት ካወጣ በኮምጣጤ የረጠበ ጥጥ ያነሳዋል። መልሳችሁ ባትሪ ከታችሁ አታስቀምጡ። እጅ ላይ የሚጣበቅ ለስላሳ አሻንጉሊት ደግሞ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅባት እየወጣ ነው፤ እጠቡት፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ ጋርም አነካክታችሁ አታስቀምጡት፣ ያበላሸዋል።

ልጆች ቢጫወቱባቸውስ?

መጫወቻ ነው፣ ይጫወቱ እንጂ። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባለበት ቤት ግን መደርደሪያው ከፍ ይበል። አሜሪካ ውስጥ ለነዚህ ሕፃናት የሚሸጥ መጫወቻ የሚፈተነው ስፋቷ 1.25 ኢንች፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከጥቂት በሆነች ቱቦ ነው፤ ተጨንቆ ሳይሆን ዝም ብሎ ውስጧ የሚገባ ነገር ለሕፃን አይሰጥም። ቤት ውስጥ የሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ተጠቀሙ። እሱ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ይበልጥ ያስጠነቅቃችኋል። የማይክሮ ማሽንስ ሰዎች በዚያ ካርቶን ውስጥ ደርዘን ሆነው ይወርዳሉ።

ወደ አዲስ አበባ ይዤ ልሂድ፣ ይሰበር ይሆን?

በእጅ ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልላ፣ ባትሪዋ ወጥቶ። ማቆሚያዋንና ሰዎቿን በሚዘጋ ትንሽ ላስቲክ ለብቻ አድርጉና ላስቲኩን ከመንኮራኩሯ ጋር እሰሩት። ለሰው የምትልኩ ከሆነ «መጫወቻ ነው» ብቻ አትበሉ፤ ተቀባዩ ሰፈር ሲደርስ የመጀመሪያው ሕፃን ይወስደዋል። ይህ መጥፎ ነገር ነው አላልኩም።

ስትመለሱ ደግሞ ከበርበሬ አርቋት። የእህቴ ልጅ እንዲያያት ይዣት ሄጄ ስመለስ በርበሬው ካለበት ሻንጣ አስገብቼያት ላስቲኩ ፈነዳ። ነጭ ነበረች። አሁን የክንፏ ስንጥቅ ሁሉ ቀይ መስመር አለው፤ አንድ ፈረንጅ ሰብሳቢ ቤቴ መጥቶ አጎንብሶ ሲያያት ቆየና «የጦርነት ጠባሳውን በምን ቀለም ሠራኸው?» አለኝ። አልነገርኩትም። ግን ከዚያ ርቀት ሽታው ሊነግረው ይገባ ነበር።

ለወደፊት ሀብት ይሆነኛል?

አይሆንም ብላችሁ ግዙ። በጨረታ የምትሰሙት ቁጥር እውነት ነው፤ በ2024 ዳላስ ያለው ሄሪቴጅ የጨረታ ቤት አንድ ቦባ ፌት (የፊልሙ ባለ ጥሩር አዳኝ) በ525,000 ዶላር ሸጧል። ግን የትኛውን? በ1979 ኬነር በጀርባው ሮኬት የሚተኩስ ቦባ ፌት ሊያወጣ ነበር። በዚያው ሰሞን ከሌላ የጠፈር ታሪክ መጫወቻ የተተኮሰች ሚሳይል ሕፃን አንቃ ገደለች። ኬነር ፈራ፤ ለልጆቹ የደረሳቸው ሮኬቱ የማይተኩስ ሆኖ ነው። የሚተኩሰው ገበያ ሳይወጣ ቀረ፤ ያ ዋጋ የወጣለትም ከሙከራ ናሙናዎቹ አንዱ ነው። ሱቅ ገብቶ የማያውቅ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ልትገዙ አትችሉም።

ተቃራኒውን ደግሞ እዩ። በ1995 ያኔ የሃስብሮ የሆነው ኬነር አሻንጉሊቶቹን እንደገና ሲጀምር ብዙ ሰው «ልጄን ኮሌጅ አስተምርበታለሁ» ብሎ በካርቶን በካርቶን ገዝቶ ምድር ቤት ቆለለ። ሁሉም ስለቆለለ ሁሉም አለው። ልጆቹ ኮሌጅ ጨርሰው ሥራ ይዘዋል፤ አሻንጉሊቶቹ ግን እስካሁን ከነማሸጊያቸው በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ውድ የሆኑት ልጆች ስለተጫወቱባቸው፣ ስለሰበሯቸው፣ አሸዋ ውስጥ ስለቀበሯቸው ነው።

የጠፋችውን ጠመንጃ ለብቻዋ ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል። መለዋወጫ ብቻ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ክዳን፣ እግር፣ የማቆሚያ ዘንግ። አንዳንዴ ግን አንዲት ጠመንጃ ከመላው መንኮራኩሯ እኩል ትጠየቃለች። በዚህ ሥራ ሁሉም ዕቃ ወደ መጥፋት ያዘነበለ ነው፤ የጠፋችው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ናት።

መጀመሪያ ተንበርክካችሁ በስልክ መብራት ወለሉን በአግድም አብሩበት፤ ትንሿ ነገር ረጅም ጥላ ትጥላለች። ቀጥሎ ሶፋው ስንጥቅ። ከዚያ የቫኪዩሙ ከረጢት። ከረጢቱን ሳትመለከቱ አትጣሉ፤ ጋዜጣ ላይ ገልብጣችሁ አበጥሩት። እኔ የአክሽን ፍሊት አብራሪዬ ጠፍቶ ሦስት ቀን ከፈለግኩት በኋላ የቫኪዩሙን አቧራ በዱቄት ወንፊት ስነፋ ባለቤቴ ከሥራ ገባች። አቧራው ወረደ፣ ፀጉሩ ቀረ፣ ከፀጉሩ መሀል ብርቱካናማው ሰውዬ ብቅ አለ። «አገኘሁት!» አልኳት። እሷ የምታየው ወንፊቱን ነበር። አሁን ሁለት ወንፊት አለን፤ የኔው እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።